በአንድ ቀን የዋሉ ታሪካዊ ክስተቶች፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አዘጋጆች፣ ከአስጎብኚዎችና ከታሪክ ወዳጆች በየጊዜው የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ውስብስቡ አሰናድቻቸዋለሁ፤ ሌላ ካልተባለ በቀር የተጻፉት ቀኖች በእኛው በዓመተ ምሕረት ናቸው።

ሁለት ክስተቶች «በአንድ ቀን ዋሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አነጋገሩ ሁለት ትርጉም አለው፤ ብዙው ክርክር የሚነሣውም ተናጋሪው አንዱን ሲል አድማጩ ሌላውን ስለሚረዳ ነው። የመጀመሪያው ወሩና ቀኑ አንድ ሆኖ ዓመቱ ብቻ የሚለያይበት ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 እና ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሁለተኛው ዓመቱም ጭምር አንድ ሆኖ በዚያው ዕለት በሁለት ቦታ ሁለት ነገር የተፈጸመበት ነው፤ ግንቦት 16 ቀን 1983 የዚህ ዓይነት ቀን ነበር፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ማለዳ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ «ዛሬ በታሪክ» እየተባለ የሚነበበው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «ቀኑ አንድ ነው» የሚለው ፍርድ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተሰጠ ካልተነገረ ዐረፍተ ነገሩ ገና አልተሟላም።

ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ የሚጠቀሰው ለምንድን ነው?

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በ5 ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ። ሁለቱም በፈረንጆቹ ሜይ 5 ላይ የዋሉ በመሆናቸው በየትኛውም አቆጣጠር ቢሰሉ ይገጥማሉ።

ግጥጥሙ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ከደቡብ በኩል በመጣው የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ጦር ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል መጥተው ከተማዋ የገቡት ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቆይተው ነው። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማዋ ለነበሩት የጣሊያን ሲቪሎች ደኅንነት ሰግተው መግቢያውን አዘግይተውት ነበር፤ ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ ጠላት በገባበት ዕለት እንዲሆን ተደረገ። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። ስለዚህ ይህ ቀን ታሪክ ራሱ የገጠመው ሳይሆን ሰዎች አስበው የገጠሙት ነው፤ ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ስለ ቀኖች መገጣጠም ብዙ ባያወራ ይሻለዋል።

ታዲያ ጎንደር ነጻ የወጣችውም ሚያዝያ 27 ነው?

አይደለም። ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡበት ዕለት አንሥቶ ቢቆጠር 206 ቀን፣ ማለትም ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀኖች ሁሉ አዲስ አበባ የድል ሰንደቋን ስታውለበልብ ፋሲል ግቢ ገና በጠላት ይዞታ ሥር ነበር።

ለመዘግየቱ ምክንያት አለው። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪቃ ገዥ የነበረው ዱካ ዳዎስታ በግንቦት 1933 በአምባላጌ እጁን ከሰጠ በኋላ የጣሊያን ቀሪ ኃይል ጥቂት ምሽጎች ላይ ብቻ ተወሰነ፤ ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው በጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ የሚመራው የጎንደር ጦር ነበር። ናሲ ወደ ከተማዋ በሚያስገቡት በሮች ላይ ምሽግ ይዞ ነበር፦ በሰሜን በደባርቅ አቅራቢያ ወልከፊትን፣ በደቡብ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ቁልቋል በርን። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ ከባድ መሣሪያ ማንቀሳቀስ አስቸገረ፤ የአገራችንን መሬት የሚያውቅ ሰው በሐምሌና በነሐሴ እነዚያን ገደላ ገደሎች በመድፍ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ወልከፊት በመስከረም 1934 በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ፤ ቁልቋል በር ደግሞ በኅዳር ተያዘ። ኅዳር 18 ከማለዳ ጀምሮ በተካሄደው የመጨረሻ ውጊያ የአርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ወደ ከተማዋ ሲዘልቅ ናሲ እጁን ሰጠ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአካባቢው አርበኛ ድርሻ በግርጌ ማስታወሻ የሚታለፍ አልነበረም። እንደ አሞራው ውብነህና እንደ ቢትወደድ አዳነ መኮንን ያሉት መሪዎች የእንግሊዝ ጦር ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ጀምረው ጠላትን ከከተማና ከመንገድ እንዳይርቅ አድርገው ይዘውት ነበር። ስለዚህ አንድ ጎንደሬ ልጅ «ኢትዮጵያ ነጻ የወጣችው ሚያዝያ 27 ነው» ብሎ ሲጽፍ ስሕተት አልሠራም፤ «ጎንደርም በዚያ ቀን» ብሎ ሲጨምርበት ግን ተሳስቷል።

ጣሊያን ጎንደር የገባውስ መቼ ነው? በዚያው ቀን ሌላ ምን ተፈጸመ?

መጋቢት 23 ቀን 1928፣ በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው በመኪና የተጓጓዘ ጦር ከተማዋ ገባ። ዋዜማው መጋቢት 22 የማይጨው ውጊያ የተካሄደበት ዕለት ነው። የአገሪቱ ዕጣ በማይጨው ሜዳ ሲወሰን በማግሥቱ ጎንደር ተያዘች ማለት ነው፤ ሁለቱ ዜናዎች ስንት ቀን ተራርቀው ለሕዝቡ እንደደረሱት ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከ5 ዓመት በኋላ መጋቢት 23 ቀን 1933 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር አስመራ ገባ፤ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪቃ ግዛት ዋና መነሻ የነበረችው ከተማ ጎንደር በተያዘችበት ዕለት ወደቀች። ይህ ከሚያዝያ 27 በተለየ ማንም ያላቀደው ግጥጥም ነው። ሁለቱም በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለማይነገር እኔ ለሚኒ ሚዲያ አዘጋጆች አስቀድሜ የምሰጠው ምሳሌ ይኸው ነው።

ኅዳር 12 ላይ «ኅዳር ሲታጠን» እና የቁልቋል በር ውጊያ ይገናኛሉን?

በቀን እንጂ በምክንያት አይገናኙም። በ1911 ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ኢትዮጵያም ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ። የቁልቋል በር ምሽግ የተያዘው ደግሞ ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው። በዚያ ዕለት በጎንደር ዙሪያ የታየው ጭስ የኅዳር ብቻ አልነበረም።

በዚህ ቀን ላይ አንድ ደስ የሚል መደናገር አለ። ምሽጉን ይጠብቁ ከነበሩት መካከል የጣሊያን ካራቢኒየሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) ሻለቃ ስለነበረ፣ ጣሊያኖች ኖቬምበር 21ን እስከ ዛሬ ያስቡታል፤ የካራቢኒየሪ ጠባቂ አድርገው የሚያከብሯትን የድንግል ማርያምን በዓልም በዚያው ቀን ያውሉታል። ይህን በፈረንጅ ጽሑፍ ያነበበ ሰው «21» ቁጥርንና «ማርያም» የሚለውን ስም ሲያይ ቶሎ ብሎ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ይለዋል። ኅዳር 21 ግን በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 30 ነው፤ ምዕራባውያን ኖቬምበር 21 የሚያከብሩት የእመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ መግባት በእኛ ታኅሣሥ 3 በበዓታ ይከበራል። ቁጥሩ ሲገጥም በዓሉ፣ በዓሉ ሲገጥም ቁጥሩ ይከዳል።

ከፈረንጆቹ ዓመት የሚቀነሰው 7 ነው ወይስ 8?

ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ከ10 ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

እኔም አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በጻፍኩት ወረቀት ላይ 1941 ሲቀነስ 8 ብዬ «ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1933 ነጻ ወጣች» ብዬ ነበር። ወረቀቱን ፒያሳ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ሳባዛ አንድ አዛውንት በተራቸው ሲጠብቁ ከማሽኑ የሚወጣውን ቅጂ አንሥተው አነበቡና በጣታቸው ዓመቱን እየነኩ «ልጄ፣ በ33 ኅዳርማ ጣሊያኑ እዚሁ የምንቆምበት መንገድ ላይ ነበር» አሉኝ። 40 ቅጂ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ሁሉንም በእስክርቢቶ አርሜ ሰጠሁ። ሚያዝያ ሲሆን 8፣ ኅዳር ሲሆን 7 መሆኑን ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ጋዜጣ ላይ «እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1941» ተብሎ ተጽፎ አየሁ፤ ይህ ኅዳር 18 ነው ወይስ ኅዳር 27?

ኅዳር 18 ነው። ብዙ ተርጓሚዎች «ኖቬምበር» የሚለውን ቃል «ኅዳር» ብለው ይመልሱትና ዓመቱን በአውሮፓውያን ይተዉታል። ውጤቱ የወር ስም ከእኛ፣ ቀንና ዓመት ከእነሱ የተቀላቀለበት ድንግርግር ነው። ኖቬምበር ከጥቅምት 22 ገደማ ጀምሮ እስከ ኅዳር 21 ገደማ የሚዘልቅ ሌላ ወር እንጂ ኅዳር አይደለም።

በእኔ እምነት «እ.ኤ.አ.» ካሉ የወሩን ስም እንዳለ ኖቬምበር ብሎ መጻፍ፣ ኅዳር ካሉ ደግሞ ቀኑንም ዓመቱንም ወደ እኛ መልሶ መጻፍ ብቸኛው ንጹሕ መንገድ ነው። አንባቢም እንዲህ ያለ ድብልቅ ሲያጋጥመው ዓመቱን አይቶ ይፍረድ፤ ዓመቱ የፈረንጅ ከሆነ ቀኑም የፈረንጅ ነው።

ሴፕቴምበር 11 እና መስከረም 1 ሁልጊዜ አንድ ቀን ናቸው?

በዚህ ዘመን በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ናቸው። አሜሪካ በአውሮፕላን ጥቃት የተመታችበት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እኛ ዘንድ መስከረም 1 ቀን 1994፣ የዘመን መለወጫ በዓል ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት ሲያልፍ ግን አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይብታል፤ ኢትዮጵያ ሚሌኒየሟን ያከበረችው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የሆነው ለዚህ ነው።

ጥምቀት አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 20 የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥምቀት ምንጊዜም ጥር 11 ነው፤ የሚንቀሳቀሰው የፈረንጁ ቀን ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ተከትሎት የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ ፈረንጆቹ የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን እስኪጨምሩ ድረስ ያ አንድ ቀን ልዩነት ይቆያል። ስለዚህ በዘመነ ዮሐንስ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል። በዓሉ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበበት በ2012 የዋለው እንዲሁ ነው፤ በዚያ ዓመት በዕለቱ በፋሲል መዋኛ ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚያ አደጋ የሚጽፉ «ጃንዋሪ 19» እያሉ ሲሳሳቱ ይታያል።

ለጎንደር ሰው ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። ሚያዝያ 27 እና የካቲት 23 ከፌብሩዋሪ በኋላ ስለሚውሉ በዚህ ዘመን የፈረንጅ ቀናቸው አይለወጥም፤ ኅዳር 18 ግን በዘመነ ዮሐንስ ኖቬምበር 28 ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖር ወገን በስልኩ «ኖቬምበር 27» ብሎ ማስታወሻ ቢይዝ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይቀድማል።

ግንቦት 16 እና 17 ላይ ምን ምን ተደራረበ?

ግንቦት 16 ቀን 1983 የሻዕቢያ ጦር አስመራ ገባ፤ በዚያው ዕለት ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የማጓጓዙ ዘመቻ ተጀመረ፤ 36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎችን አንሥቶ በማግሥቱ ግንቦት 17 ተጠናቀቀ። ከተጓዦቹ እጅግ የሚበዙት ከጎንደርና ከአካባቢው መንደሮች ተነሥተው አዲስ አበባ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ከከተማችን ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ የዚያ ማኅበረሰብ መታሰቢያ ሆና ቀርታለች።

ግንቦት 17 በበኩሉ በ1955 የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተበት ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክስተቶች አንድ ቀን ላይ የወደቁት ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 አገር ጥለው ከሄዱ በኋላ ሥርዓቱ በአንድ ጊዜ ስለተናደ ነው፤ የጋራ ምክንያት አላቸው። ከ1955ቱ ጋር ያላቸው ግጥጥም ግን የቁጥር ብቻ ነው።

የዓድዋ ድል ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጥያቄው «መቼ ተደረገ» ነው ወይስ «መቼ ይከበራል» የሚለው ነው። ውጊያው የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ያ ዕለት በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 ሲውል ግን በፈረንጆቹ ማርች 2 ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ይጨምራል። የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን በ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመት መዝጊያዎች ላይ ጭማሪውን ይዘላል፤ እነሱ 1900ን ዘለሉ፣ እኛ አልዘለልንም። በዚህ የተነሣ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት አሁን በአንድ ቀን ሰፍቷል። ስለዚህ ከ1892 በፊት የተፈጸመን ነገር በዛሬው ልዩነት ቢያሰሉት ምንጊዜም ቢያንስ አንድ ቀን ይሳሳታሉ። በ2100 ደግሞ ፈረንጆቹ እንደገና ይዘላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ገና በጃንዋሪ 8፣ እንቁጣጣሽም በሴፕቴምበር 12 የሚውሉ ይሆናሉ።

የጎንደር ነገሥታት ዘመን ቀኖችስ እንዴት ይሰላሉ?

በየመቶ ዓመቱ ወደ ኋላ ሲሄዱ ልዩነቱ አንድ አንድ ቀን እየጠበበ ይሄዳል። በተራ ዓመት መስከረም 1 በዚህ ዘመን ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 1800ዎቹ ሴፕቴምበር 10፣ በ1700ዎቹ ሴፕቴምበር 9፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በመሠረቱበት በ1600ዎቹ ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ላይ ይውል ነበር።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ነው። ይህን በዛሬው ልዩነት የሚመነዝር ሰው የካቲት 7 ቀን 1762 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን የካቲት 9 ነው። የሁለት ቀን ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ድርጊቶችን በበዓላት ስም እየጠራ ስለሚጽፍ፣ ሁለት ቀን ካለፈ ሰውየው የገባበትን የበዓል ግርግር ከሌላ በዓል ጋር አገናኝቶ መጻፍ ይመጣል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ እንግሊዞች ወደ አዲሱ አቆጣጠር የተሻገሩት በ1752 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቀን ሲገኝ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡት የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ደብዳቤዎች በአዲሱ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለት መጻሕፍት ለአንድ ክስተት ሁለት ቀን ቢሰጡ የትኛውን ልመን?

ወዲያው አንዱን ሐሰተኛ ከማለት በፊት ሁለቱ ስለ አንድ ነገር መናገራቸውን ያጣሩ። ስለ መተማ ሲጻፍ አንዱ መጋቢት 1 ቀን 1881፣ ሌላው መጋቢት 2 ይላል፤ ውጊያው የተደረገውና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የቆሰሉት መጋቢት 1 ሲሆን ያረፉት በማግሥቱ ነው፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች ልክ ናቸው።

ሌላው ምንጭ የቀን አጀማመር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀኑ ከዋዜማው ማታ ይጀምራል፤ በተለምዶ አነጋገራችን ከንጋት፤ በፈረንጅ ሰነድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። ዓድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ከሰፈሩ የተንቀሳቀሰው የካቲት 22 ምሽት ነው፤ የተዋጋው ግን የካቲት 23 ከንጋት ጀምሮ ነው። ሌሊት የተፈጸመ ነገር ቀኑ ቢያወዛግብ ሊገርም አይገባም።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በቀኑ ይታሰብ ወይስ በበዓሉ?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 በእሮጌ የተደረገው ውጊያ የዋለው በስቅለት ዓርብ ነው፤ ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር «በስቅለት ዕለት» የሚለውና «ሚያዝያ 3» የሚለው በሌላ ዓመት አይገናኙም። ስለዚህ ታሪክ በቀን ይታሰብ፤ በዓሉ ግን በዚያ ዓመት የነበረውን ስሜት ለመረዳት አይተካም፤ ንጉሡ ከተዋጉ በኋላ ለእንግሊዞች ለፋሲካ ከብት መላካቸው በዓሉን ካላሰቡ ትርጉሙ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ግጥጥም ምሥጢር የለውም ትላላችሁ?

ቁጥሩ ራሱ ብዙውን ያብራራል። ዓመቱ 365 ቀን ብቻ ነው፤ ክስተቶችን ያለ ምንም ምርጫ ሰብስበን ብንደረድር 23 ሲደርሱ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቀን ላይ የመውደቃቸው ዕድል ከግማሽ ያልፋል። የአገራችን ታሪክ ደግሞ 23 ክስተት ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የወሩ ቀን የሚታሰብበት ቅዱስ አለው፤ 12 ሚካኤል፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም እያልን ስለምንቆጥር፣ ምንም ነገር በየትኛውም ቀን ቢሆን ከአንድ በዓል ጋር ይገጥማል። ዓድዋ የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ሁሉ ያስታውሳል፤ ጣሊያን ጎንደር የገባበት መጋቢት 23ም የጊዮርጊስ ዕለት እንደነበር ግን ማንም አያነሣም።

ቀኑ ከሃይማኖት ጋር መገጠሙ ለተዋጊው የሰጠው ብርታት ግን እውነት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊም ሊመዘግበው የሚገባ ነው። ብርታቱን መመዝገብና ግጥጥሙን ማስረጃ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንድን ቀን ቤቴ ሆኜ ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

በሳምንቱ ቀን። የወር ስምና ቁጥር ከአቆጣጠር አቆጣጠር ይለያያሉ፤ ሰኞ ግን በሁሉም ዘንድ ሰኞ ነው። ጎንደር የተለቀቀችበት ኅዳር 18 ቀን 1934 ሐሙስ ነበር፤ ኖቬምበር 27 ቀን 1941ም ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ ቅየራው ልክ ነው። ቀድሞ የታተመ ቅጂዬ ላይ የነበረው ኅዳር 18 ቀን 1933 ግን ረቡዕ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ 40ውን ወረቀት በእስክርቢቶ ከማረም በዳንኩ ነበር።

ለድሮ ቀኖችም ይሠራል። አንድ ተማሪ ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉበትን ሚያዝያ 6 በዛሬው ልዩነት አስልቶ ኤፕሪል 14 ቀን 1868 ብሎ አመጣልኝ። የዚያን ዓመት የፈረንጅ ካላንደር በስልኩ አስከፈትኩት፤ ኤፕሪል 14 ማክሰኞ ሆኖ ተገኘ። ያየውም የሰማውም ሁሉ የሚመሰክረው ዕለቱ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ መሆኑን ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና አንድ ቀን ወደ ኋላ መለሰው፤ ኤፕሪል 13፣ ሰኞ።